ኮኑ ሳይደርቅ ኮላ አይንካው፦ ስለ በዓል ጌጦች ለጠየቃችሁን

የበዓል ሰሞን ሲቃረብ ከጥድ ኮን (ዘሩን በተደራረበ ቅርፊት ውስጥ ከሚይዘው የዛፉ ፍሬ)፣ ከቅርንጫፍ፣ ከዘርና ከደረቀ ፍራፍሬ በእጅ ስለሚሠሩ ጌጦች የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበዛሉ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ኮኑን ከመጠቀሜ በፊት በሳሙና ማጠብ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉለት፣ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው። አንዲት አንባቢ ከዛፍ ሥር የለቀመቻቸው ኮኖች ዝናብ ነክቷቸው ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል፤ «ተበላሹ ማለት ነው? ልጣላቸው?» ትላለች። ሌላው ደግሞ በትኩስ ኮላ አሳምሮ የሠራው ጉንጉን ሳምንት ሳይሞላው ኮኖቹ አንድ በአንድ እየረገፉ አልቀውበታል፤ ጥፋቱን የሚጥለው በኮላው ላይ ነው።

መልስ፦ የሁለታችሁም ችግር አንድ ነው፤ እርጥበት። ኮላውም ኮኑም ምንም አላጠፉም።

ኮን ከዛፉ ወርዶ ከሞተ በኋላም ይከፈታል፣ ይዘጋል። እያንዳንዱ ቅርፊት ሁለት ንብርብር አለው። የውጨኛው ውሃ ሲጠጣ በቁመቱ ይለጠጣል፤ የውስጠኛው ግን እምብዛም አይለጠጥም። ስለዚህ ኮኑ ሲረጥብ ቅርፊቱ ወደ መሐል ታጥፎ ይዘጋል፤ ሲደርቅ የውጨኛው ይኮማተርና ቅርፊቱ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ዛፉ በዚህ ይጠቀማል፤ ክንፍ ያለው ቀላል ዘሩ የሚወጣው ነፋስ አርቆ ሊወስደው በሚችልበት ደረቅ ቀን ነውና። ተከፍቶ የደረቀ ኮን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ብትጠብቁ ቅርፊቶቹ ቀስ እያሉ ሲሰበሰቡ ታያላችሁ። አውጥታችሁ ስታደርቁት መልሶ ይከፈታል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ጠያቂ፣ ኮኖችሽ ምንም አልሆኑም፤ አድርቂያቸው።

የጉንጉኑም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ግማሽ የደረቀ ኮን ሲያዩት የደረቀ ይመስላል። ተጣብቆ ሞቃት ክፍል ውስጥ ከተሰቀለ በኋላ ግን መድረቁን ይቀጥላል፤ ቅርፊቱም ይንቀሳቀሳል። የኮላው ጠብታ የያዘው ያንኑ የሚንቀሳቀሰውን ቅርፊት ስለሆነ ከአንዱ ጎን እየተላቀቀ ይሄዳል። በላዩ ላይ አቧራና የዛፍ ሙጫ ካለ ደግሞ ከጅምሩም አልያዘም። ትኩስ ኮላ ራሱም ደካማ ጎን አለው፤ ፀሐይ በሚመታው መስታወት አጠገብ ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

እንግዲህ እንዴት ይድረቅ? ኦቨን ያለው ሰው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያድርገው። ትሪው ላይ ፎይል አንጥፉ፤ አለዚያ የቀለጠው ሙጫ ከትሪው ላይ በቀላሉ አይለቅም። ኮኖቹን ሳይደራረቡ ደርድሩና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አቆዩ። የራሳቸው ሙጫ ቀልጦ በቅርፊቱ ላይ ስስ አንጸባራቂ ሽፋን ይሠራል፤ ውስጣቸው የተደበቀ ተባይም ይሞታል። ሙጫ ተቀጣጣይ ነው፤ ስለዚህ ኦቨኑን ትታችሁ ወደ ሌላ ሥራ አትሂዱ፣ ሙቀቱንም «ቶሎ እንዲደርቅ» ብላችሁ አትጨምሩ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡት። ኦቨን የሌለው ሰው ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ክፍል ውስጥ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሥ።

መድረቁን በዓይን አትፍረዱ፤ በሚዛን ፍረዱ። ጥቂት ኮኖች በወጥ ቤት ሚዛን ላይ መዝኑ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙት። ክብደቱ ከቀነሰ ገና ነው፤ ካልቀነሰ ሥራው ሊጀመር ይችላል። ሚዛን ከሌለ ሁለቱን እርስ በርስ አጋጯቸው፤ የደረቀው እንደ ደረቅ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው።

ለጉንጉን ደግሞ ከኮላ ሽቦ ይመረጣል፤ ኮኑ ቢንቀሳቀስም ሽቦው ዋናውን ግንድ እንጂ ቅርፊቱን አልያዘምና። ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ለስላሳ ሽቦ በ30 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከኮኑ መቀመጫ በኩል ሁለተኛውና ሦስተኛው የቅርፊት ረድፍ መካከል አስገብታችሁ ዙሩት፤ ሽቦው ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ከዓይን እስኪጠፋ ሳቡትና በፒንሳ ሦስት አራት ጊዜ ጠምዝዙት። የተረፉት ሁለት ጫፎች ኮኑን ከቀለበቱ ጋር ማሰሪያ ናቸው። የ30 ሳንቲ ሜትር ቀለበት ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮን ለአንድ ረድፍ 18 ወይም 19 ይፈጃል፣ ለሁለት ረድፍ 35 አካባቢ። ትንንሾቹን ለክፍተት መሙያ ለዩአቸው፤ ኮላ የሚያስፈልገው ለእነሱ ብቻ ነው።

የተጠናቀቀውን ጉንጉን መታጠቢያ ቤት ወይም ዝናብ የሚያርፍበት በር ላይ ብትሰቅሉት እንደገና ይዘጋል። ቫርኒሽ መዝጋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ጥያቄ፦ እጄ ላይ የተጣበቀው ሙጫ በሳሙና አልለቅም አለኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ይሹት፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ መሬት ላይ የወደቀ ሙሉ ኮን አጥቻለሁ፤ ከዛፉ ላይ አረንጓዴውን ብቆርጥስ? አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ደግሞ የተበታተነ ቅርፊት ብቻ ነው ያለው።

መልስ፦ አረንጓዴውን ይተዉት። የአብዛኛው ጥድ ኮን ለመብሰል ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ሳይበስል የተቆረጠ ኮን ሙጫ ያንጠባጥባል፣ ይጨማደዳል፣ ቢደርቅም ደህና አድርጎ አይከፈትም። የተበታተነ ቅርፊት ያዩበት ዛፍ የአርዘ ሊባኖስ ወገን ሳይሆን አይቀርም፤ የእሱ ኮን ዛፉ ላይ እንዳለ ይፈራርሳል። ታች ሙሉውን ቢፈልጉ አያገኙም፤ ጫፉ ግን አንዳንዴ ሳይበተን ይወድቃልና ይፈልጉት፤ የጽጌረዳ አበባ ቅርጽ አለው። ከየትም ይልቀሙ ከየት፣ የቦታውን ባለቤት ያስፈቅዱ፤ ጥበቃ ከሚደረግለት ደን አይልቀሙ፣ ለዘር በሊታዎቹ ወፎችና ሽኮኮዎችም የሚበቃ ይተዉ።

ጥያቄ፦ ኮን በበረኪና ነክሮ ማንጣት እንደሚቻል ሰምቻለሁ። ጓደኛዬ አቼቶ ቢጨመርበት ቶሎ ይነጣል አለችኝ። መጠኑ ስንት ነው?

መልስ፦ መጠን የለውም። በረኪናና አቼቶ አይቀላቀሉም፤ ጠብታም ቢሆን። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንን ያቃጥላል፣ ሳንባን ይጎዳል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሊገድል ይችላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃም ጋር እንዲሁ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ «የበረኪናውን ሽታ ያጠፋል» ብሎ አቼቶ ማፍሰስም ያው ነው። ጓደኛዎ ይህን አድርጋው ከሆነና ሳል፣ የደረት መጨነቅ ወይም የዓይን ማቃጠል ከተሰማት አሁኑኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥታ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። «ያልፋል» ብላ አትጠብቅ፤ የሳንባው ጉዳት ሰዓታት ዘግይቶ ሊባባስ ይችላል።

ማንጣቱን ከፈለጉ ግን በረኪናና ውሃ ብቻ፣ እኩል በእኩል። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ባልዲው የፕላስቲክ እንጂ የብረት አይሁን፤ ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት ያኑሩት። ኮን ስለሚንሳፈፍ በሳሕን ወይም በድንጋይ ይጫኑትና 24 ሰዓት ያቆዩት። ሲወጣ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ አይደንግጡ። በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ ከዚያ ነፋስ ላይ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እስኪከፈት ይጠብቁት። ቀለሙ ወተት አይመስልም፤ ክሬም ወይም የፈዘዘ ማር ይመስላል። ሙጫ የሸፈነው ቦታ በረኪናው ስለማያገኘው ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ሰው ነጭ ቀለም ይሻላል። ብሩሹን በአክሪሊክ ቀለም ጫፉን ብቻ ነክረው፣ ጨርቅ ላይ ጠርገው ቀለሙ ሊያልቅ ሲል የቅርፊቶቹን ጠርዝ ብቻ ይዳብሱ። በረዶ ያረፈበት ይመስላል፣ ሥራውም አሥር ደቂቃ ነው። የሚበላሸው ብሩሹ ቀለም ሲበዛበት ነው፤ ቀለሙ በቅርፊቶቹ መሐል ይወርድና ጥርት ያለው ጠርዝ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ያደረቅሁት የብርቱካን ክብ ሻጋታ አወጣ።

መልስ፦ አልደረቀም ነበር። ውፍረቱን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር አድርገው እኩል ይቁረጡ፤ አንዱ ወፍራም ሌላው ስስ ከሆነ ስሱ ሲያርር ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው። ሁለቱንም ፊቱን በጨርቅ ተጭነው ጭማቂውን ያንሱ፤ ከዚያ በ95 ዲግሪ ገደማ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየገለበጡ ያድርቁ። ሙቀቱ ከዚህ ካለፈ ስኳሩ ያርርና ይጠቁራል። መሐሉን በጣት ሲጫኑት የሚያጣብቅ ከሆነ አልጨረሰም። ቀዝቅዞ እንኳ የሚለጠጥ ከሆነ ወደ ኦቨኑ ይመልሱት። የሻገተውን ግን ይጣሉት።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጅ አለን። ጌጡን በቀያይ ፍሬዎችና በሚያማምሩ ዘሮች ልሠራው ነበር፤ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ዘሮቹን ምን እንደሆኑ በስም ካላወቋቸው አያስገቧቸው። የጉሎ ዘር ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ለጌጥ ያምራል፤ ውስጡ ግን ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። ደማቅ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ በዶቃ መልክ የሚሰካው ትንሽ ዘርም እንዲሁ፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ወይም ተበስቶ ከተዋጠ ለሞት ያደርሳል፤ ለመሰካት የሚበሱት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ኦሊያንደር የሚባለው ባለ አበባ ቁጥቋጦ ቅጠሉም ቅርንጫፉም መርዝ ነው። ብዙዎች ለጉንጉን የሚመርጡት፣ ሆሊ የሚባለው ተክል ቀይ ፍሬም ልጅን ያስታውካል።

ልጁ አንዱን አኝኮ ካገኙት አፉን ያጥቡለት፣ አስገድደው አያስታውኩት፤ የቀረውን ተክል ይዘው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ የጉሎ መርዝ ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚጀምረው። መርዝ የሌለው ትንሽ ኮንና ለውዝም ለዚህ ዕድሜ የመታነቅ አደጋ ነው። ለልጁ እጅ የሚደርሰውን ክፍል በትልልቅ ኮን ብቻ ይሥሩት፣ በሽቦ አጥብቀው ይሰሩት፣ የሽቦውን ጫፍም ወደ ውስጥ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ኮኖቹ ላይ የሽታ ዘይት ልጨምር ነው። ድመት አለችን።

መልስ፦ ይተዉት። ብዙዎቹ የተጠመቁ የዕፅዋት ዘይቶች ለድመት መርዝ ናቸው። «ይኼኛውስ?» የሚለውን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ገበታ መሐል ኮንና ለምለም የጥድ ቅርንጫፍ ደርድሬ በመካከሉ ሻማ ላብራ?

መልስ፦ በባትሪ የሚበራ ካልሆነ አይሆንም። ሙጫ ያለበት ደረቅ ኮን ማቀጣጠያ ነው። ቅርንጫፉም ከተቆረጠ ጀምሮ ቤት ውስጥ በየቀኑ እየደረቀ ይሄዳል፤ ጣትዎ ሲነካው መርፌ ቅጠሎቹ ከረገፉ ከቤት የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል። ቆርጠው እንዳመጡት ጫፉን ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያቆዩትና ከማሞቂያ ቢያርቁት ለምለምነቱ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ወርቃማ ቀለም ወይስ ብርማ?

መልስ፦ የደስታዎን ያድርጉ። ጠርዙን ብቻ እንጂ ሁሉንም አይቀቡት።

ጥያቄ፦ የዘንድሮውን ጌጥ ለሚመጣው ዓመት እንዴት ላስቀምጥ? ባለፈው ሳጥኑን ስከፍት ዱቄት የመሰለ ነገር ከሥሩ ነበር።

መልስ፦ ዱቄቱ ዘሩን ወይም ቅርፊቱን ሲበላ የከረመ ተባይ ሥራ ነው። ጌጡ በኦቨን ካልደረቀ በላስቲክ ከረጢት አጥብቀው አስረው ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አራት ቀን ያቆዩት። ሲያወጡ ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱ፤ ቀዝቃዛው ኮን የክፍሉን እርጥበት ስቦ ይረጥባልና እንደ ታሰረ አንድ ሌሊት ይዋል። ከዚያ ከረጢቱን አስወግደው በካርቶን ሳጥን ውስጥ በወረቀት እየለዩ ያስቀምጡት። የብርቱካኑን ክብ ግን ለብቻው ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ውስጥ ያድርጉት፤ እርጥበት ቶሎ ይስባል፣ ከኮኑ ጋር ከዋለ ሻጋታውን ያጋባበታል።