ክራሬን ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ ሳወርድ ቱነሩ ለምን አይስማማኝም?

ጥያቄ፦ ጅማ ሄርማታ አካባቢ እየኖርሁ በትርፍ ጊዜዬ ክራር እማራለሁ። ክራሬን በጆሮዬ ወደ ሙሉ ትዝታ ቃኝቼ በስልኬ ቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ስለካው፣ የቅኝቱ ሦስተኛ ድምፅ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ይህንኑ አውታር ወደ ግማሽ ትዝታ ሳላላው ደግሞ 16 ያህል ከፍ ይላል። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ «ጆሮህ ገና አልሰላም» ይለኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩልን ሁለት ቁጥሮች የጆሮዎን መስላት እንጂ መደነዝ አያሳዩም፤ ጆሮው ያልሰላ ሰው ዛሬ በ14፣ ነገ በ30 ይስታል እንጂ ሁልጊዜ በዚያው ልክ አይስትም። ቱነሩም አልተበላሸም። እርስዎና እሱ የምትሰፍሩት በተለያየ ቁና ነው።

የቱነሩ ቁና ኪቦርዱ የተቃኘበት ነው፤ አንዱ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለው ርቀት) ለ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፈላል፣ እያንዳንዱም 100 ሴንት ነው። (ብርና ሳንቲምን ቢያስቡ አይሳሳቱም።) ጆሮዎ የተከተለው ግን ጀስት ኢንቶኔሽን የሚባለውን፣ ድምፆች በትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች የሚዛመዱበትን ቅኝት ነው። የክራርዎ ሥር ድምፅ (የቅኝቱ መነሻ) 240 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 240 ርግብግቢት ነው እንበል። የሙሉ ትዝታው ሦስተኛ ድምፅ ከሥሩ ጋር 5 ለ 4 ሲዛመድ 300 ኸርዝ ይሆናል፤ የግማሽ ትዝታው 6 ለ 5 ሲዛመድ 288 ይሆናል። ከ300 ወደ 288 የወረዱበት እርምጃ 25 ለ 24 ነው፤ በሴንት 71 ገደማ ሲሆን፣ በሙዚቃ ቲዎሪ ትንሹ ወይም ክሮማቲክ ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ይባላል። ኪቦርዱ በበኩሉ ከ302.4 ወደ 285.4 ይወርዳል። እርስዎ 12 ኸርዝ ሲያላሉ እሱ 17 ያላላል፤ 14ቱም 16ቱም የመጡት ከዚህ ነው።

ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በአቅራቢያዎ ካለ ነገሩን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። የሚርገበገበው የጭራ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጣቱ 48 ሳንቲ ሜትር ሲያስቀር የሙሉ ትዝታውን፣ 50 ሲያስቀር የግማሽ ትዝታውን ሦስተኛ ድምፅ ያገኛል፤ ትንሹ ሰሚቶን እዚያ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። በኪቦርዱ ልክ ቢሄድ 2.8 ያህል መንሸራተት ይኖርበታል።

«ግማሽ ድምፅ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። የቅኝቱ ሁለተኛ ድምፅ 270 ኸርዝ ነው። ከዚያ እስከ 288 ያለው እርምጃ 16 ለ 15፣ ማለትም 112 ሴንት ነው፤ ከ288 እስከ 300 ያለው ግን 71 ብቻ ነው። አንድ ድፎ ዳቦ ለሁለት ተቆርጦ አንዱ ቁራሽ ከሌላው በ41 ሴንት ይበልጣል፤ ሁለቱንም «ግማሽ» ማለት ለትልቁም ለትንሹም አይገባም። ትንሹ ቁራሽ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ግሪካዊው የሙዚቃ ሊቅ ዲዲሞስ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በቅኝቱ ውስጥ እንዳስገባው የእስክንድርያው በጥሊሞስ ጽፏል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም የክራር ተጫዋች በዚህ ልክ ይቃኛል ማለት አይደለም፤ ለዜማው ሲል ሆን ብሎ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ አለ፣ መብቱም ነው።

ብቻዎን ሲጫወቱ ጆሮዎን ይከተሉ። ከጓደኛዎ ጋር ሲሆኑ ግን ኪቦርዱ ወደ እርስዎ ሊመጣ ስለማይችል፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን የቅኝቱን ድምፆች ወደ እሱ ያስጠጉ፤ አምስተኛውም ከሙሉ ወደ ግማሽ ሲወርድ ከ400 ወደ 384 ኸርዝ፣ ያው በ25 ለ 24 ነውና። አራተኛውን አይንኩት፤ ከኪቦርዱ የሚለየው በ2 ሴንት ብቻ ነው።