«ሪሊዙ ደርሷል፣ ማይግሬሽኑ ተሰብሯል» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት። የቨርቹዋል ኔትወርክ ካርዱን ኮድ ነካካችሁ፣ ሪሊዙ (አዲሱ ቨርዥን የሚወጣበት ቀን) ደረሰ፣ አሁን በአዲሱ ኪዩኢሙ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ላይ የተነሳ ቨርቹዋል ማሽን በማይግሬሽን፣ ማለትም ሳይጠፋ እየሠራ፣ ወደ አሮጌው ሆስት (ማሽኖቹን ወደሚሸከመው ኮምፒውተር) አልመለስ አለ። «ሪሊዙ እንዳለ ይውጣና በሚቀጥለው አፕዴት እናስተካክለው ወይስ ለውጡን አሁኑኑ ከኮዱ እናስወግደው?» ነው ያልከው። ለውጡን አስወግዱት። ዛሬውኑ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ እኔ ያየሁትን ጣጣ አንተ አትየው።

1. ማን ሰበረው ብላችሁ ስብሰባ አትቀመጡ። ጊት ባይሴክት (የኮድ ለውጦችን ለሁለት እየከፈለ ጥፋተኛውን የሚፈልገው መሣሪያ) ይናገር። ሺህ ኮሚት (የኮድ ለውጥ) እንኳ ቢሆን አሥር ዙር ገደማ ነው። አሮጌውንና አዲሱን አስነስቶ ማይግሬት የሚያደርግ አጭር ስክሪፕት ጻፍና ተወው፣ እሱ ያግኘው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ማሽን ታይፑን (ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያየውን የሃርድዌር ሞዴል) ከነቨርዥኑ ጻፍ። «ኪው35» ብለህ ብቻ ካለፍከው እያንዳንዱ ኪዩኢሙ የራሱን አዲሱን ይይዛል፤ ሁለቱም ወገን ሳይመሳሰል ትሞክርና የሌለ ስህተት ስታሳድድ ትውላለህ።

2. በሁለቱም አቅጣጫ ሞክር። ከአሮጌ ወደ አዲስ ስላለፈ ብቻ «ይሠራል» የሚል ሰው ካጋጠመህ አትመነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኪዩኢሙ 8.0 ላይ የሆነውን አስታውስ። የፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርዶች መገናኛ) የስህተት ማስክ ሬጅስተር (የትኞቹ ስህተቶች እንዳይዘገቡ የሚወስን ቦታ) ላይ አዲስ ዲፎልት (ሳይነኩት የሚይዘው ዋጋ) ገባ፤ ከማሽን ታይፕ ጋር ግን አልታሰረም። በ7.2 ማሽን ታይፕ ተነስቶ ከ7.2 ወደ 8.0 የሚሄደው ያልፋል። ከ8.0 ወደ 7.2 ሲመለስ ግን አሮጌው የማያውቀው ቢት ያያል፣ «ባድ ኮንፊግ ዳታ» (የተበላሸ የኮንፊግ መረጃ) ብሎ ይጥለዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሞከረ ሰው ምንም አያይም።

3. ዲፎልት የቀየረ ሰው የኮምፓት ዝርዝሩን (አሮጌ ማሽን ታይፖች የድሮውን ዋጋ እንዲይዙ የሚያደርገውን) ይሙላ። አዲሱ ዋጋ ለአዲሱ ማሽን ታይፕ፣ አሮጌው ዋጋ ለአሮጌዎቹ። አንዲት መስመር ናት። እኛን መከራ ያበላችን ይህቺው አንዲት መስመር ናት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሶፍትዌሩን የሚያቀርብልን ድርጅት የዲቫይስ ቡድን በቨርቲዮ ኔት (በኪዩኢሙ ቨርቹዋል ኔትወርክ ካርድ) ላይ አንድ ፊቸር (ተጨማሪ ችሎታ) በዲፎልት አበራ፤ ለሁሉም ማሽን ታይፕ። ሪሊዝ ካንዲዴቱ (ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ የሚቀርበው) ላይ ስህተቱን ያዝኩት። ባይሴክቱን፣ ሎጉን፣ ለውጡን የሚመልሰውን ፓች ሳይቀር አያይዤ ላክሁ። ቲኬቱን «በእኛ በኩል ይሠራል» ብለው ዘጉት። ከፈትኩት። መልሰው ዘጉት። ለካ የሞከሩት ማሽኑን አስነስተው ፒንግ በማድረግ ብቻ ነው! በስብሰባው ላይ ደግሞ ኃላፊያቸው «ወደ ኋላ ማይግሬት የሚያደርግ ደንበኛ የለም» አለኝና ማይኩን ዘጋብኝ። አንጀቴ ነው የበገነው። ክላስተር (የብዙ ሆስቶች ስብስብ) በአንድ ሌሊት አይታደስም እኮ! ግማሹ ሆስት አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይሰነብታል፤ በዚያ መሀል አዲሱ ሆስት ላይ የወጣ ማሽን መመለሻ አጣ ማለት ጥገናው ቆመ ማለት ነው።

ሪሊዙ ወጣ። የፈራሁት ሆነ። ከዚያ ሆትፊክስ (አስቸኳይ ማስተካከያ) ላኩልን፣ ፊቸሩን ለአሮጌዎቹ ማሽን ታይፖች መልሶ የሚያጠፋ። ጉዱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አንተም ልትይዝልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። በተበላሸው ቨርዥን ላይ የተነሱት ማሽኖች ፊቸሩን አብርተው እየሠሩ ነው። የተስተካከለው ቨርዥን ደግሞ ፊቸሩን አላውቀውም ብሎ አይቀበላቸውም። የማሽን ታይፑ ስም አንድ፣ ማሽኖቹ ሁለት ዓይነት። ጥገናው ራሱ ሌላ ስብራት ሆነ። ከሪሊዝ በፊት ቢሆን ኖሮ አንድ ሪቨርት (ለውጡን መመለስ) ነበር፤ ከወጣ በኋላ ንጹሕ መፍትሔ የለም።

«ደንበኛው ሪቡት ያድርግ» ይሉሃል። አይሠራም። ከውስጥ ሪቡት ሲደረግ የኪዩኢሙ ፕሮሰስ አይሞትም፣ ዲቫይሱም እንደነበረ ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ መነሳት አለበት። ወይ ደግሞ መድረሻው ላይ ፕሮፐርቲውን (የዲቫይሱን ቅንብር) በእጅ አብርተህ መቀበል አለብህ፤ ለዚያ ደግሞ የትኛው ማሽን የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ማን ያውቃል? ማንም። በኪውኤምፒ (ለኪዩኢሙ ትዕዛዝ መላኪያ) በኩል የእያንዳንዱን ዲቫይስ ፕሮፐርቲ እየጠየቀ የሚለይ ስክሪፕት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ያው የዲቫይስ ቡድን ለሌሎች ደንበኞቹ ይልከዋል። ምስጋና? ኧረ ተወኝ።

የእናንተም ምክንያት ምናልባት ፊቸር ነው፣ ወይ የኮንፊግ ስፔስ (የካርዱ መለያና ቅንብር የሚቀመጥበት ቦታ) ነው። ቪኤምስቴት (በማይግሬሽን የሚላከው የዲቫይሱ ሁኔታ) ከሆነ ግን የቨርዥን ቁጥሩን አትጨምሩ፤ አዲሱን መስክ በሰብሴክሽን (ሲያስፈልግ ብቻ በሚላክ ክፍል) አስገቡት፣ ለአሮጌ ማሽን ታይፕ እንዳይላክ ሁኔታውን አስሩት። ኪዩኢሙ ከሶርስ ኮዱ ጋር የቪኤምስቴት ማወዳደሪያ ስክሪፕት አለው፤ ከሁለቱ ቨርዥን ደምፕ (የቪኤምስቴት ዝርዝር) አውጥታችሁ አወዳድሩ።

ደግሞ ማይግሬሽን አለፈ ብላችሁ እፎይ እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ኪዩኢሙ 5.2 የፒሲአይ ሩት ብሪጁን (የካርዶቹ ዋና መገናኛ) መለያ በኤሲፒአይ ሰንጠረዥ (ሃርድዌሩን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሚዘረዝረው) ውስጥ ከ1 ወደ 0 ቀየረው። ማሽኑ ይነሳል፣ ስህተት የለም። ዊንዶውስ ግን የኔትወርክ ካርዱን እንደ አዲስ ካርድ ቆጠረውና በእጅ የተሞላው አይፒ ጠፋ። በኋላ ለአሮጌዎቹ ማሽን ታይፖች የድሮው መለያ ተመለሰ። ስለዚህ አንድ የዊንዶውስ ዲስክ በአሮጌው አስነስታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ በአዲሱ አስነሱት።

ለሪሊዝ ኃላፊው ስትጽፍ ረጅም ማብራሪያ አትላክ። የባይሴክቱን ውጤት፣ የሁለቱን አቅጣጫ ሎግና የተዘጋጀ ሪቨርት ላክለት። ፊቸሩ ለሚቀጥለው ማሽን ታይፕ እንደሚገባ በአንድ መስመር ጨምር፤ ያኔ የጻፈውም ሰው አይኮራረፍም።

የስህተቱን መስመር እዚህ ለጥፈው፣ ሙሉውን። «ባድ ኮንፊግ ዳታ» የሚል ከሆነ ቀጥሎ የሚመጡትን ቁጥሮች አትቁረጣቸው፤ የትኛው ሬጅስተር እንደሆነ የሚታየው ከእነሱ ነው።