ካኒ የቅጠሉን ስፋት ለምን አልሰጠኝም?

ጥያቄ፦ የቅጠል ፎቶዎችን በቅርጻቸው ለመለየት ብዬ በኦፕንሲቪ (የምስል ማቀናበሪያ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ያለውን ካኒ የተባለ የጠርዝ ማውጫ ዘዴ ተጠቀምኩ። የሚወጣው መስመር ግን እዚህም እዚያም ይቆራረጣል፤ የቅጠሉ ጅማቶችም አብረው ይወጣሉ። ስፋቱን ሳሰላ ደግሞ ዜሮ የሚጠጋ ቁጥር ያመጣብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮድህ የተበላሸ አይመስለኝም። ካኒ የሚያየው ብርሃኑ የት ጋ በድንገት እንደሚቀየር ብቻ ነው። ለውጡ የቅጠሉ ዳር ይሁን፣ ጅማት ይሁን፣ ጥላ ይሁን አይለይም። ዙሪያውን የገጠመ መስመር ይሰጥሃል ብለህም አትጠብቅ። አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ፣ ኮንቱር ፈላጊው (የቅርጽን ዙሪያ ተከትሎ የሚያወጣው ተግባር) በቀጭኑ መስመር በአንዱ ጎን ሄዶ በሌላው ጎን ይመለሳል፤ ስለዚህ የለካኸው የመስመሩን ውፍረት ነው፣ ቅጠሉን አይደለም። ዜሮ የተጠጋብህም ለዚህ ነው።

ጆን ካኒ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ዘዴ በመጨረሻ ጠርዞቹን የሚያጣራው በሁለት ትሬሾልድ፣ ማለትም በብርሃን ለውጡ ጥንካሬ ላይ በሚቀመጡ ሁለት ገደቦች ነው። ከላይኛው የበለጠው በቀጥታ ያልፋል፤ በሁለቱ መሃል ያለው የሚተርፈው ከጠንካራ ጠርዝ ጋር ከተያያዘ ብቻ ነው። ላይኛው የታችኛውን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። መስመሩ ሲቆራረጥ የታችኛውን ዝቅ አድርግ። ጅማቶቹ ካስቸገሩህ ደግሞ ቀድመህ ምስሉን በጋውሲያን ብለር (በሚያደበዝዝ ማጣሪያ) አለስልስ፤ ግን ሲበዛ የቅጠሉን ጥርሶችም ያጠፋብሃል፣ ዝርያውን የምትለየው በእነሱ ከሆነ ደግሞ ከባድ ኪሳራ ነው።

እኔን ካልከኝ ግን፣ ከቅጠሉ ጀርባ ያለው አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ ካኒን ተወው። የብርሃን ገደቡን ራሱ መርጦ ምስሉን ለሁለት በሚከፍለው በኦትሱ ዘዴ ቅጠሉን ነጭ፣ ጀርባውን ጥቁር አድርገው፤ ከዚያ የውጪውን ኮንቱር ብቻ አውጣ። የተዘጋ ቅርጽ ስለሚሆን ስፋቱም ዙሪያውም ትርጉም ይኖረዋል።

አሁን ወደ ቅርጹ ግባ። ስፋቱን በ4π አባዝተህ ለዙሪያው ካሬ (ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ) አካፍለው፤ ለፍጹም ክብ 1 ይመጣል፣ ለካሬ ቅርጽ ወደ 0.785። ችግሩ፣ ረጅምና ጠባብ ቅጠልም ዳሩ ጥርሳም የሆነ ቅጠልም ሁለቱም ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣሉ። ስለዚህ ሌላ መለኪያ ጨምርበት፦ በቅጠሉ ዙሪያ ላስቲክ ብትወጥር የሚፈጠረውን ቅርጽ፣ ኮንቬክስ ሃል የሚባለውን፣ አስላና የቅጠሉን ስፋት ለእሱ አካፍል። ዳሩ ለስላሳ የሆነ ረጅም ቅጠል 1 አካባቢ ይቆያል፤ በጥልቀት የተሰነጣጠቀው ግን ይወርዳል። ፎቶዎቹን በአንድ ዓይነት ሬዞሉሽን አድርጋቸው፣ የዙሪያ ልኬት ከፒክስል ብዛት ጋር ይለዋወጣልና።