ቺፋ ቤት ምሳ ለአራት

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ቅዳሜ ምሳ የፔሩንና የእስያን ምግብ አዋህዶ የሚሠራ ቤት ልንገናኝ ነው። አንዷ ጾመኛ፣ አንዱ ሙስሊም፣ ሌላው ጥሬ ዓሣ የማይደፍር ነው። ምን ይታዘዝ? ሒሳቡስ እንዴት ይከፈል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ለየራሳችሁ አንድ አንድ ሳህን አትዘዙ፤ መሃል አስቀምጣችሁ ተካፈሉ። ለአራት ሰው ሁለት ቀዝቃዛ ምግብ፣ ሁለት ትኩስና አንድ ሩዝ ይበቃል፤ ካነሰ ይጨመራል። ዝርዝሩ ላይ «ቺፋ» የሚለው እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ ለጉልበት ሥራ ፔሩ የገቡት ቻይናውያን ያመጡት አበሳሰል ነው። «ኒኬይ» ደግሞ በ1899 የተከተሏቸው ጃፓናውያን ያመጡት ነው።

አስተናጋጁን ቀዝቃዛውን ሳትጨርሱ ትኩሱን እንዳያመጣ ንገሩት። ሴቪቼ ጥሬ ዓሣ በሎሚ፣ በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ነው፤ ሲቆይ ሎሚው ዓሣውን ያደርቀዋል፣ ሽንኩርቱም ውኃ ያወጣል። ስለዚህ እንደቀረበ ይበላ። ሎሚው ዓሣውን አንጥቶ የበሰለ ያስመስለዋል እንጂ እንደ እሳት ተሕዋስያንን አይገድልም፤ ነፍሰ ጡር ካለች ይቅርባት። ጓደኛችሁንም አታስገድዱት (ጥሬ ክትፎ የሚወድ ከሆነ ግን ትንሽ ቢቀለድበት አይከፋም)። ሎሞ ሳልታዶ ይዘዝለት፦ የበሬ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በአኩሪ አተር ሶስና በኮምጣጤ፣ በጣም በጋለ መጥበሻ። የድንች ጥብሱ እዚያው ስለሚደባለቅ መረቁን ጠጥቶ ቶሎ ይለሰልሳል፤ እሱም አይጠብቅም።

ጾመኛዋ ስሙን አትመን። «የነብር ወተት» የሚባለው የሴቪቼው ጭማቂ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወተት የለበትም፣ ወተት የሚጨምሩ ቤቶች ግን አሉ። ካውሳ የሚባለው የድንች ምግብ ጾም ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ዶሮ ወይም ቱና በማዮኔዝ ነው፣ ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል አለው። በአቮካዶ ብቻ እንዲሠራላት ትጠይቅ። ቻውፋ፣ ማለትም የተጠበሰው ሩዝ፣ እንቁላል ተበጥብጦ ይገባበታል። «የአትክልት» ቢባልም የኦይስተር ሶስ (ኦይስተር ከሚባል የባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራ) ወይም የዶሮ መረቅ ሊኖረው ይችላል። «ጾም ነኝ» ማለት አይበቃም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ የሥጋ መረቅ፣ ኦይስተር ሶስ እያለች ለአስተናጋጁ አንድ በአንድ ትቁጠርለት። ሩዟም ለብቻው ይምጣ፤ ከጋራው ሳህን እየለቀሙ ማውጣት አይሆንም።

ለሙስሊሙ የሥጋውን ሐላልነት ጠይቁ። የአሳማ ሥጋ በዋንታኑ (በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በሚቀርበው) ውስጥና በቅልቅሉ ቻውፋ ውስጥ የተለመደ ስለሆነ፣ አሳማ ይኑርበት አይኑርበት ሁላችሁም ብትጠይቁ ይሻላል። አንዳንድ ወጥ ቤት ሎሞ ሳልታዶ ላይ የወይን ጠጅ ወይም ፒስኮ የሚባለውን የወይን አረቄ ያርከፈክፋል፤ እሱንም ጠይቁለት።

ሒሳቡን ለአራት እኩል መክፈል ሩዝ ብቻ የበላችውን ይጎዳል። መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ እንደሆነ ደረሰኙን እዩ፤ ካለ ቲፕ ሁለት ጊዜ አትክፈሉ። ከዚያ ጠቅላላውን ለምግቡ ዋጋ አካፍሉ። ምግቡ 120 ዶላር ሆኖ ከታክስና ከቲፕ ጋር 156 ከመጣ 1.3 ይሆናል፤ የ22 ዶላር የበላችው በ1.3 ስታባዛው 28.60 ትከፍላለች።

ጥያቄ፦ በቾፕስቲክ መብላት አልችልም። ሹካ ብጠይቅ ነውር ነው?

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም። ፔሩ ውስጥም ቻውፋ የሚበላው በሹካ ወይም በማንኪያ ነው።