ሆድሽን ያበላሸው ዶሮ ወጡ ላይሆን ይችላል

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይማርሽ። እሑድ ዘመድ ቤት ዶሮ ወጥ በላሽ፣ ማክሰኞ ሌሊት ቁርጠት፣ ተቅማጥና ትኩሳት ጀመረሽ፣ ክሊኒክ ስትሄጂ ደም ወስደው «ታይፎይድ ነው» ብለው አንቲባዮቲክ አዘዙልሽ። የጠየቅሽው ሳልሞኔላ የሚሉት ባክቴሪያ ከታይፎይድ ጋር አንድ ነው ወይ፣ መድሃኒቱንስ ልጀምረው ወይ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄው ጉድ የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ አልጋ ላይ ስላንጋለለኝ፣ ያኔ የተማርኩትን ልንገርሽ።

እኔንም መጀመሪያ «ታይፎይድና ታይፈስ» ነበር ያሉኝ። ሆዱን ታሞ ሄዶ ይህን ሳይባል የሚመለስ ሰው አለ እንዴ? መድሃኒቱን ሁለት ቀን ወሰድኩ፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሐኪም የላብራቶሪ ወረቀቴን አየና ፈገግ አለ። ይሄ የደም ምርመራ ዊዳል ይባላል፣ ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነትህ የሠራውን መከላከያ ነው የሚያየው፣ ድሮ ታመህ ከነበረ ወይ ሌላ ትኩሳት ካለብህም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል አለኝ። ሰገራ ለካልቸር ሰጠሁ። ባክቴሪያውን አሳድገው ስለሚያዩት ቀናት ይፈጃል። ውጤቱ ሳልሞኔላ ሆነ፣ ግን የታይፎይዱ አይደለም።

እሱ እንዳስረዳኝ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የታይፎይዱ የሚኖረው ሰው ላይ ብቻ ነው። በተበከለ ውሃና ምግብ ይገባና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚነሳው፣ ትኩሳቱም ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል። ሌላው ከዶሮ፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋና ካልፈላ ወተት ይመጣል፣ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምርና ጤነኛ ሰው ላይ ከ4 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ይለቃል። ስለዚህ ያንቺ ታይፎይድ ቢሆን እንኳ የእሑዱ ዶሮ ላይ መፍረድ ይከብዳል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሁላችንም ጣታችንን የቀሰርነው ክትፎው ላይ ነበር፣ ለብ ለብ ስለነበረ። በኋላ ግን ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ማን ምን በላ ብለን ቆጠርን። የታመምነው እኔ፣ እሷና ባሏ ነን። ክትፎውን አባቴም በልቷል፣ ምንም አልሆነም። እናቴና ልጆቹ ዶሮውን ጥርግ አድርገው በልተው ደህና ናቸው። ሦስታችን ብቻ የበላነው ሰላጣ ነበር። ሰላጣውን የከተፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እናቴ ጥሬውን ዶሮ በበለተችበት መክተፊያ ላይ፣ ውሃ ብቻ ለቀቅ አድርጌበት፣ ቲማቲምና ቃሪያውን ከተፍኩ። ዶሮው እኮ ሰዓታት ድስት ውስጥ ተንተክትኳል፣ ሙቀት ደግሞ ይህን ባክቴሪያ ይገድለዋል። 74 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው ይላሉ። ሰላጣውን ማን ቀቀለው?

ሎሚና ጨው ያጥበዋል፣ ሚጥሚጣ ይገድለዋል የሚባለውን አትመኚበት። ፍሪዘርም አይገድለውም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ዶሮ በቧንቧ ስር ሲታጠብ የሚፈናጠቀው ውሃ ራሱ ያን ሁሉ ዕቃ ይበክላል። እናቴን ዘጠኝ ጊዜ አትጠቢ ማለት ግን አልችልም፣ አትሰማኝም። በጎድጓዳ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ ደግሞ ገንዳውን በሳሙናና በበረኪና እፈትጋለሁ። መክተፊያም ሁለት ገዛን፣ የዶሮው ቀይ ነው።

ስለ መድሃኒቱ፦ በኔ ቃል አትተይው። ካልጀመርሽው ግን ሰገራሽን ለካልቸር ቀድመሽ ስጪ፣ አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ ውጤቱ ሊጠፋ ይችላል። እኔን ሐኪሙ አስቁሞኛል፣ ጤነኛ ጎልማሳ ላይ ተራው ሳልሞኔላ ያለ መድሃኒት ይለቃል፣ አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያው ከሰውነት የሚወጣበትን ጊዜ ሊያራዝመውም ይችላል ብሎኝ። ያዳነኝ ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪው፣ ትንሽ ትንሽ ጠጪ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊው። ከሌለሽ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለ1 ሊትር። ትኩሳት እያለሽ ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ከፋርማሲ አትግዢ።

ሰገራሽ ደም ካለው፣ የጠጣሽው ሁሉ ከተመለሰ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይ ትኩሳቱ 39 ካለፈ ግን ይህን ማንበብ ትተሽ ሆስፒታል ሂጂ። እርጉዝ ከሆንሽም እንደዚያው፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሕፃን ወይ አዛውንት ካለም አትጠብቂ። እነሱ ላይ ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል መድሃኒቱ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ዘመዶችሽን ደግሞ ደውለሽ ሌላ የታመመ ሰው አለ ወይ በያቸው። ሰላጣ ቀርቦ እንደነበረም ጠይቂልኝ፣ የካልቸሩ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን።