ሰርተፊኬታችሁን ስታድሱ ብቻችሁን አትሥሩ

ውድ ወጣት የቤተሰብ ሐኪሞች፣

የሙያ ሰርተፊኬት ማደሻ ጊዜ ሲቃረብ ብዙዎቻችሁ የምታደርጉትን አውቃለሁ። ለፈተናው ታጠናላችሁ። ነጥብ የሚያዝላቸውን ስልጠናዎች ታሟላላችሁ። የጥራት ማሻሻያ ሥራ የሚለው መስፈርት፣ ማለትም በክሊኒካችሁ የሚሰጠውን ሕክምና ለክቶ ማሻሻል፣ ግን እስከ መጨረሻ ይቆያል። ከዚያ አንድ ማታ ጥቂት ካርዶች ታገላብጡና ቅጹን ሞልታችሁ ትገላገላላችሁ። በማግስቱ ክሊኒካችሁ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ታካሚው የሚያገኘው ሕክምና ያው የትናንቱ ነው።

እኔ የምለምናችሁ ይህን መስፈርት ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ሆናችሁ እንድትሠሩት ነው።

መስፈርቱ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ዛሬ የአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና ቦርድ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም፣ አንዴ የተገኘ ሰርተፊኬት ዕድሜ ልክ ያገለግላል የሚለውን ልማድ አልተቀበለም። ሐኪሞቹ በየጊዜው እንዲያድሱ ከመጀመሪያው ግዴታ አደረገ። ኋላ ደግሞ ፈተና ብቻውን እንደማይበቃ ታመነበትና ሐኪሙ በራሱ ሥራ ላይ የሚያደርገው ማሻሻያ ተጨመረ። ይህንንም በቡድን መሥራት ይቻላል። ፈተና የምታውቁትን ይለካል። ያ እውቀት ታካሚው ጋ መድረሱን ግን አይለካም።

ለምን በቡድን? ደም ግፊትን እንውሰድ። አንድ ታካሚ 152/94 ተብሎ ተመዝግቦ ክፍላችሁ ይገባል። መድኃኒት ልጨምር ወይስ ልቆይ ትላላችሁ። ያ ቁጥር ግን እናንተ ጋ እስኪደርስ በሌላ ሰው እጅ አልፏል። ታካሚው ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ አርፏል? ጀርባው ተደግፏል? ክንዱ በልቡ ትክክል ነበር? እየተለካ ያወራ ነበር? ክንዱ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ከጠበበው ልኬቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል። ይህን ሁሉ የምታውቀው ነርሷ ናት። ታካሚው ከእናንተ ሲወጣ ቀጠሮ የሚይዝለት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። መድኃኒቱን መውሰድ ማቆሙን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ፋርማሲው ነው። እናንተ ብቻችሁን የቱንም ያህል ብትበረቱ የምታስተካክሉት የራሳችሁን ክፍል ብቻ ነው።

የሐኪሙም ድርሻ ቀላል አይደለም። ግፊቱ ከፍ ማለቱን እያየን "እስቲ በሚቀጥለው እናየዋለን" ብለን ማሳለፍ በሙያችን በጣም የተለመደ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህን በራሱ ላይ አያየውም። የብዙ ሐኪሞች ውጤት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡድን የሚሰናከለው። ቁጥሩ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ምክንያት ይደረደራል፤ የእኔ ታካሚዎች የባሰባቸው ናቸው፣ መረጃው በትክክል አልገባም። አንዳንዱ እውነትም ይሆናል። ስለዚህ ገና ከመነሻው ተስማሙ። ቁጥሩ ለማሻሻል እንጂ ሰው ለመክሰስ፣ ዕድገት ለመስጠት ወይም ለመከልከል አይውልም። በክሊኒኩ አንጋፋ የሆነው ሐኪም የራሱን ቁጥር ቀድሞ ያሳይ። እሱ ካልደፈረ ወጣቱ ሊደፍር አይችልም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነርሶችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች ይኑሩ። ለወግ ሳይሆን እንዲናገሩ ነው የሚጠሩት። ሦስት ጥያቄ ይበቃችኋል። ምን ለማሻሻል ነው የተነሳነው? መሻሻሉን በምን እናውቃለን? ምን ብንለውጥ ይሻሻላል? "የደም ግፊት ክትትላችንን እናሻሽላለን" ማለት ግብ አይሆንም። ከ18 እስከ 85 ዓመት ካሉት የግፊት ሕሙማን ውስጥ የመጨረሻ ልኬታቸው ከ140/90 በታች የሆነው ስንት በመቶ ናቸው፣ ይህንንስ እስከ መቼ ወደ ስንት እናደርሰዋለን? እንዲህ ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያስባል።

ከዚያ ትንሽ ነገር ሞክሩ። ዋልተር ሺውሃርት እና ኤድዋርድስ ዴሚንግ ለፋብሪካ ሥራ ያስተማሩት ማቀድ፣ መሞከር፣ ውጤቱን ማጥናት፣ ማስተካከል የሚለው ዑደት ለክሊኒክም ይሠራል። አንዲት ነርስ ለአንድ ቀን ብቻ ከፍ ያለ ልኬት ስታገኝ ታካሚውን አሳርፋ ደግማ ትለካ። ማታ ተጠያየቁ። ወረፋው ተንዛዛ? የማረፊያ ወንበር ጠፋ? አስተካክላችሁ በማግስቱ ድገሙት። ሲሠራ ለሁሉም አዳርሱት። ቀጥሎ ግፊቱ ያልወረደለት ሰው በወር ውስጥ የሚመለስበትን ቀጠሮ ሳይዝ እንዳይወጣ አድርጉ። አሥር ለውጥ በአንድ ሰኞ የሚጀምር ቡድን የትኛው እንደጠቀመ አያውቅም፣ ሠራተኛውም ይሰላቻል።

ውጤቱን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በግራፍ ላይ አስቀምጡ፣ ሁሉም የሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በፊትና በኋላ ብሎ ሁለት ቁጥር ማወዳደር ያታልላል፤ ቁጥር በራሱ ጊዜም ይወጣል ይወርዳል። ግራፉ ላይ ግማሾቹ ነጥቦች ከላይ፣ ግማሾቹ ከታች የሚሆኑበትን የመካከለኛውን መስመር አስምሩ። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በአንድ ወገን ከዋሉ እውነተኛ ለውጥ ሳይኖር አይቀርም።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባችኋለሁ። ግቡ ሲርቅ ከክትትል የጠፉት ታካሚዎች ከቁጥር ይውጡ የሚል ሐሳብ ይመጣል። እንዳትቀበሉት። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጓችሁ እነዚያ የጠፉት ናቸው። ስማቸውን አውጡና ደውሉላቸው። ከዚሁ ጋር ግፊት እናውርድ ስትሉ ራሳቸውን የሚያዞራቸውና የሚወድቁ አዛውንቶች ስንት እንደሆኑ ጎን ለጎን ቁጠሩ። አንዱን ስናሻሽል ሌላውን ካበላሸን ማሻሻል አይባልም።

ክሊኒካችሁ ትንሽ ከሆነ ከሌሎች ጋር ተጣመሩ። በሆላንድና በጀርመን የቤተሰብ ሐኪሞች በትናንሽ ቡድን እየተገናኙ የራሳቸውን ሥራ መመርመር ከጀመሩ ቆይተዋል። በአሜሪካ የጤና ክብካቤ ማሻሻያ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው አሠራርም የተለያዩ ተቋማት ቡድኖች በአንድ ርእስ ላይ ለወራት አብረው እየሞከሩ እንዲማማሩ የሚያደርግ ነው። ከጎረቤት ክሊኒክ የተኮረጀ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሠራል።

ለሰርተፊኬቱ ስታመለክቱ ስማችሁን የምታስገቡት በእውነት ከሠራችሁ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሐኪም በራሱ አሠራር ምን እንደለወጠ መናገር መቻል አለበት። ስብሰባ ላይ መቀመጥ ተሳትፎ አይደለም። የተሞከረውንና ያልሠራውን በየጊዜው ማስታወሻ ከያዛችሁ ሪፖርቱን ለመጻፍ አትቸገሩም። ሪፖርቱ ከገባ በኋላም በየወሩ የሚለካውን ሰው በስም መድቡ፤ እሱ ሲለቅ ማን እንደሚተካውም አሁኑኑ ተነጋገሩ።