የቆመው የእግር ስፌት መኪና ቀለም ይቀባ ወይስ ይጽዳ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በውርስ የደረሰሽ የእግር ስፌት መኪና ሲንጀር ነው። የእጅ መዘውሩ አልዞር ብሏል፣ የወርቅ ጌጡ ደብዝዟል፣ የጠረጴዛው እንጨት ተላጧል። ሁሉንም ፈታትተሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ፣ ጥቁር ቀለም አስቀብተሽ እንደ አዲስ ልታደርጊው አስበሻል። እባክሽ አታስቀቢው። እነዚህን መኪናዎች ለዓመታት ስሰበስብና ሳድስ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ተበላሸ ተብሎ ጥግ ከተጣለው አብዛኛው የሚፈልገው ጽዳትና ዘይት ብቻ መሆኑን ነው። አንዴ ከተቀባ ግን የመጀመሪያ መልኩ አይመለስም።

በመዘውሩ እንጀምር። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ በቆመ መኪና ውስጥ ዘይቱ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ብረቱ ጤነኛ ነው። ስለዚህ በጉልበት አታዙሪው። መጀመሪያ ቦቢኑ፣ ማለትም የሥሩ ክር የሚጠቀለልበት፣ አካባቢ የተጠመጠመ ክር መኖሩን እዪ፤ አንድ ቁራጭ ክር ብቻውን መኪናውን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ የመኪናውን ጭንቅላት፣ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ብረት፣ ወደ ኋላ ገልብጪና ከሥሩ ያለውን አቧራና ብናኝ በብሩሽ አራግፊ። ብረት ከብረት የሚተሻሽበት ቦታ ሁሉ፣ የዘይት ቀዳዳዎቹን ጨምሮ፣ ላምባ ጠብ ጠብ አድርጊበት። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አታስጠጊ። አሳድሪው፤ በማግስቱ ድገሚው። በመሐል በመሐል መዘውሩን በትንሹ ወዲህና ወዲያ አነቃንቂው። የሚቸኩል ሰው የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድም ብሎን ሳይፈታ ያስነሳዋል። አሁንም እምቢ ካለሽ፣ ላምባውን ጠርገሽ በደንብ ካደረቅሽ በኋላ የያዘውን ቦታ በፀጉር ማድረቂያ አሙቂው። የደረቀ ዘይት ሲሞቅ ይለሰልሳል።

ላምባ ያጸዳል እንጂ ለሥራ አይሆንም። መኪናው ሲዞር ጠርገሽ በስፌት መኪና ዘይት ተኪው። የምግብ ዘይት በጭራሽ እንዳታስገቢ! ያንኑ ያጸዳሽውን ችግር መልሶ ያመጣብሻል።

መዘውሩ እየዞረ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ አትደንግጪ። በመዘውሩ መሐል ያለችው ትንሽ ክብ ማጥበቂያ ላልታ ሊሆን ይችላል። ቦቢን ሲጠቀለል መርፌው እንዲቆም የምታደርገው እሷ ናት። ከፈታሻት ከሥሯ ጥርስ ያላት ቀለበት ታገኛለሽ፤ እንዴት እንደተቀመጠች ፎቶ አንሺ። መልሰሽ ስትገጥሚ ማጥበቂያዋ አልሠራ ካለች ቀለበቷን ግማሽ ዙር አዙረሽ ግጠሚያት። ለመፍታት የምትጠቀሚበት ካቻቢቴም የብሎኑን ስንጥቅ ጥብቅ አድርጎ የሚሞላ ይሁን። የእነዚህ መኪናዎች ብሎኖች ብዙዎቹ የፋብሪካው የራሱ ልክ ናቸውና፣ አንዱ ከጠፋ ወይም ጭንቅላቱ ከተበላ በሌላ መተካት ያስቸግራል።

አሁን ከመልኩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጎደለ ዕቃ መኖሩ ነው። የቦቢኑን ቦታ ክፈቺና እዪ። ቦቢኑ ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ ጥይት በሚመስል መወርወሪያ ውስጥ ገብቶ የሚወዛወዝ ዓይነት ነው። ከሲንጀር የሞዴል ቁጥሮች 27፣ 28፣ 127 እና 128 እንዲህ ናቸው። ክብ ሆኖ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ የሚገባ ከሆነ 15 ቁጥር ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ከላይ ጋደም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ 66 ቁጥር ሊሆን ይችላል። 15 ቁጥር ከሆነልሽ ዕድለኛ ነሽ፤ ብዙ ፋብሪካዎች በዚያው አሠራር ስለቀዱት ቦቢኑም የቦቢን ቤቱም እንደ ልብ ይገኛል። መወርወሪያው የጠፋበት የረጅም ቦቢን መኪና ግን፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ልኩ እስኪገኝለት ድረስ አይሰፋም። ቦቢኑን የሚሸፍኑት ተንሸራታች ክዳኖችም ቶሎ የሚጠፉ ናቸው።

መርፌውም እንዲሁ። 15፣ 66 እና 127 ቁጥሮች ዛሬ በየቤቱ ያለውን 15×1 የሚባለውን መርፌ ይቀበላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው 12 ቁጥር ግን የራሱን ልዩ መርፌ ይፈልጋል፤ እሱን ማግኘት አድካሚ ነው። መርፌው ጠፍጣፋ ጎን ካለው፣ ክሩን ሁልጊዜ ረጅሙ ቦይ ባለበት ጎን አስገብተሽ በሌላው ጎን አውጪው። መኪናው ስፌት የሚዘልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው መርፌ ተገልብጦ መግባቱ ነው።

ወደ ወርቅ ጌጡ ልመለስ። በብዙዎቹ ላይ ጌጡን የሚጠብቀው ሼላክ የሚባል ስስ ልባስ ነው። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ይጎዳዋል። ልባሱ ከተነሳ ወርቁ መጀመሪያ ወደ ብርማነት ይለወጣል፣ ከዚያ በጨርቁ ላይ ተጠርጎ ይመጣል። በዓይኔ ፊት እንዲህ የጠፋ ጌጥ አይቼ ያዘንኩትን ያህል በሌላ ነገር አላዘንኩም። ስለዚህ ለስላሳ ጨርቅ በስፌት መኪና ዘይት አርጥቢና፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ፣ ለምሳሌ ከኋላ በኩል ሞክሪ። ጨርቁ ላይ የሚወጣው ቡናማ ነገር የቆየ ቆሻሻ ነው፤ ይውጣ። ወርቃማ ነገር ካየሽ ወዲያው አቁሚ። የደበዘዘ ያልሽው ጌጥ ከቆሻሻው ሥር ደምቆ ሊወጣልሽ ይችላል። ባይወጣም የተሠራበት መሆኑን የሚያሳይ መልክ ነውና እኔ እንዳለ እተወዋለሁ። ኒኬል የተቀቡት ክፍሎች የዛጉ ከሆነ በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ከዘይት ጋር በቀስታ ይበቃል። ያ ሱፍ ግን ጥቁሩን ቀለም እንዳይነካ።

የእግሩን ክፍል ለብቻው ፈትኚው። ከታች ያለውን ትልቁን መዘውር ከእጅ መዘውሩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አውጪና መርገጫውን ርገጪ። ትልቁ መዘውር ያለ ድምፅ ብዙ ዙር መዞር አለበት። መርገጫው ግራና ቀኝ በሾጣጣ ብሎኖች ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ከላሉ ይንኳኳል፣ ከጠበቁ ይከብዳል። ቺንጋው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክብ ቆዳ ነው፤ ጫፎቹ በሽቦ ይያያዛሉ። ሳይንሸራተት እስካዞረ ድረስ አታጥብቂው። የጠበቀ ቺንጋ እግር ያደክማል። ቆዳው በአገልግሎት ይለጠጣልና ያኔ ትንሽ ቆርጠሽ ታሳጥሪዋለሽ።

የተላጠውን የጠረጴዛውን ስስ የእንጨት ልባስ በእንጨት ሙጫ መልሰሽ ለጥፊና ክብደት ጫኚበት። ውሃ አታብዢበት፤ የበለጠ ይነሳል።

ክር ከማስገባትሽ በፊት በወረቀት ላይ ያለ ክር ተለማመጂ። አንዱን እግር ከሌላው ትንሽ ቀደም አድርገሽ አስቀምጪ፤ አንዱ በጣት ሌላው በተረከዝ ይገፋል። የእጅ መዘውሩ ላዩ ወደ አንቺ መዞር አለበት። በተቃራኒው ከዞረ ክሩ ከሥር ተጠምጥሞ ይበጠሳል። ብዙ ሰው መኪናው ተበላሸ የሚለው በዚህ ነው። ቀዳዳዎቹ በወረቀቱ ላይ እኩል ርቀት ይዘው ሲሰለፉ፣ ያን ጊዜ ክር አስገቢ።

ዕድሜውን ለጠየቅሽኝ፣ ጨርቁ በሚያርፍበት የመኪናው ጠፍጣፋ ብረት ቀኝ ጥግ የተቀረጸውን ተከታታይ ቁጥር እዪ። እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት የተሠሩት ሲንጀሮች ቁጥር ብቻ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል ተጨመረ። ጂ ካለ በኒው ጀርሲ ኤልዛቤት፣ ዋይ ካለ በስኮትላንድ ክላይድባንክ፣ ሲ ካለ በጀርመን ቪተንቤርገ ተሠርቷል። በቁጥሩ የሚታወቀው ዓመት ቁጥሩ ለፋብሪካው የተመደበበት ነው፤ መኪናው ራሱ ትንሽ ዘግይቶ አልቆ ሊሆን ይችላል። እነዚህ መኪናዎች በሚሊዮን የተሠሩ ስለሆኑ መቶ ዓመት መሙላት ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ሁለተኛ መኪና ልትጨምሪ ካሰብሽም ዕድሜውን ሳይሆን መወርወሪያው፣ ክዳኖቹና ጌጡ መኖራቸውን አይተሽ ምረጪ።

የቦቢኑን ቦታና የቁጥሩን ፎቶ ላኪልኝ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነና የጎደለ ካለ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ላምባውን ዛሬ ማታ ጀምሪ።